ልጆቻችንና የግቤ ዳርቻ



ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሰውን የሚጎዳ ነገር ከመንገድ ማንሳት ሰደቃ መሆኑን አስተምረዋል። ተማሪዎች ከግልገል ግቤ ዳርቻ ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ ሲለቅሙ ከዚሁ ምንዳ ይቋደሳሉ ኢንሻአላህ።

ግን ቆሻሻው ከየት መጣ? ከደጃችን ነው። ከቦይ የጣልነውን የክረምት ጎርፍ ጠርጎ ወንዝ ይከተዋል። ድሮ ወንዙ ይዞት ይሄድ ነበር፤ የግልገል ግቤ ግድብ በ1996 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን ከተኛው ውሃ ዳር ይከማቻል። ከብቶቻችን የሚጠጡት ከዚያው ነው። ፌስታል የዋጠች ላም ደግሞ ሆዷ ተዘግቶ ልትሞት ትችላለች።

ልጆቹን ስንልክ ጥንቃቄ አይለየን። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2001 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት ወባ ለግድቡ ውሃ ቅርብ በሆኑ መንደሮች ልጆች ላይ በርትቶ ተገኝቷል። ስለዚህ ረፋድ ላይ ይውጡ፤ ለመግሪብ ቤታቸው ይግቡ። ስባሪ ጠርሙስና መርፌ ትልቅ ሰው ያንሳ። የተለቀመውን ላስቲክ እዚያው ማቃጠልም አይገባም፤ ጭሱ መርዝ ነው።

ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ጸድቋል። አዋጁ ባይኖርስ? እናቶቻችን ገበያ የሚወጡት በዘንቢል አልነበረምን? ዘንቢሉ ዛሬም ከገበያ አልጠፋም።