ከበርጫው ጋር የሚቀመጠው

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ የአፍ ካንሰር ከተነሳ ወሬው ቶሎ ወደ ጫት ያመራል። አንዱ «ካንሰር የሚያመጣው ጫት ነው» ይላል፤ ሌላው «አባቶቻችን ዱዓ እያደረጉ ሲቅሙ ኖሩ፣ ምን ሆኑ?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ዋናውን ገዳይ ዘለሉት። ጫት ብቻውን የአፍ ካንሰር ያመጣል ለማለት እስካሁን ያለው ማስረጃ አይበቃም። ንጹሕ ነው ማለትም አይደለም፤ ለዓመታት በአንድ ጉንጭ ሲወጠር እዚያው ቦታ ላይ የአፍን ሽፋን ያነጣዋል፣ ያደድረዋል። በትምባሆ ላይ ግን ክርክር የለም። በርጫ ላይ ደግሞ ትምባሆ ከጫት አይለይም፤ በሌላ ቀን ሲጋራ የማይነካ ሰው ሲመረቅን ግማሽ ፓኮ ይጨርሳል።

ማታ ጨብሲ ይከተላል፤ ምርቃና መስበሪያ ቢራ ወይም አረቄ። አልኮል ራሱ ካንሰር አምጪ ነው፤ በዚያ ላይ የአፍን ስስ ሽፋን ለትምባሆው መርዝ ይከፍትለታል። ስለዚህ የሚያጨስም የሚጠጣም ሰው አደጋው የሁለቱ ድምር ሳይሆን ብዜት ነው። በአካባቢያችን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ይህ ነው፤ ቀን ጭስ፣ ማታ አረቄ፣ በዚያው አፍ።

«ሱረት ጭስ ስለሌለው አይጎዳም፤ እንዲያውም የጥርስ ሕመም ያስታግሳል» የሚሉም አሉ። ሕመሙን ለጊዜው ቢያደነዝዝ እንኳ የታመመውን ጥርስ አያድንም። ትምባሆ ሲደርቅና ሲብላላ ናይትሮሳሚን የሚባሉ ካንሰር አምጪ ኬሚካሎች ይፈጠሩበታል፤ በከንፈርና በድድ መሃል የተቀመጠ ሱረት እነዚህን በቀጥታ ለሥጋው ያቀብላል። አመድ ሲቀላቀልበት ኒኮቲኑ ፈጥኖ ይሰርጋል፣ ሱሱም ይጠነክራል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ጭስ የሌለውን ትምባሆ ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ተርታ አስቀምጦታል። የሺሻ ውሃም ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያጥበውም።

ብዙ ሰውን ከሕክምና የሚያስቀረው እምነት ግን «ጥርሱን አስነቅሎ ነው ካንሰር የያዘው» የሚለው ነው። ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ካንሰሩ ድድ ውስጥ አድጎ ጥርሱን አነቃነቀው፤ ሰውየው አስነቀለው፤ ቁስሉ አልጠግግ አለ፤ ጥፋቱ በጥርስ ሐኪሙ ላይ ተላከከ። ወሬውን የሰማ ጎረቤት ደግሞ የራሱን ቁስል ደብቆ ቤቱ ይቀመጣል። ስለማያመው ደህና የሆነ ይመስለዋል፤ የአፍ ካንሰር ግን ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም።

ሁለት ሳምንት አልፎት ያልዳነ የአፍ ቁስል፣ ቢፍቁት የማይለቅ ነጭ ወይም ቀይ ምልክት፣ እብጠት፣ ያለ ምክንያት የተነቃነቀ ጥርስ ካላችሁ ዛሬውኑ ታዩ፤ ከቁስሉ ትንሽ ሥጋ ተወስዶ ሲመረመር ምንነቱ ይለያል። ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ሆስፒታል ለመድረስ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዘግይቶ የጨረር ሕክምና ፍለጋ ከደሴ አዲስ አበባ የሚወርድ ሕመምተኛ 400 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ እዚያም ወረፋ ይጠብቀዋል።