አንድ ሚሊግራም አንጎል

ላስታ ውስጥ ንብ እንደ ተራ ነፍሳት ታይታ አታውቅም። ላሊበላ በተወለደ ጊዜ ንቦች ከበቡት፤ እናቱም «ንቦች ንጉሥነቱን አወቁ» ብላ ስም አወጣችለት ይባላል። በብልባላ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንም ንቦች ይኖራሉ፤ ማራቸው ለፈውስ ይቀመሳል። ንብ «ታውቃለች» ማለት እዚህ አገር የቆየ ነገር ነው።

ሳይንሱ ግን ረጅም ዘመን ዕውቀትን በአንጎል ትልቅነት ሲለካ ኖሯል። የዝሆን አንጎል 5 ኪሎ ገደማ፣ የሰው ደግሞ 1.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በሚዛን ብቻ ቢሆን ዝሆን በበለጠን ነበር! ግዙፍ ገላ ለማዘዝ ብዙና ትልልቅ የነርቭ ሕዋስ ያስፈልጋል፤ ትርፉ ሁሉ ለማሰብ አይውልም። ተመራማሪዎቹ ላርስ ቺትካና ጄረሚ ኒቨን እ.ኤ.አ. በ2009 እንደጻፉት፣ ትልቅ አንጎል ብዙውን ጊዜ ያንኑ ሥራ አብዝቶ ይሠራል እንጂ አዲስ ዓይነት ችሎታ አያመጣም። ወሳኙ የሕዋሳቱ ትስስር ነው።

የንብ አንጎል 1 ሚሊግራም ያህል ነው፤ ሕዋሱም 1 ሚሊዮን ገደማ። ከዚያ ውስጥ ሲሶ ያህሉ የእንጉዳይ ቅርጽ ባላቸው ሁለት ክፍሎች ሰፍሯል፤ ሽታ፣ ቀለምና ትዝታ የሚገናኙት እዚያ ነው።

ትዝታዋን ማየት የፈለገ ንብ አናቢ ይጠይቅ። ቀፎውን ሌሊት ሃያ ሠላሳ እርምጃ ቢያዛውረው፣ ጠዋት ለቀሰም የወጡት ንቦች ሲመለሱ ትናንት ቀፎው የነበረበት ባዶ ቦታ ላይ ይዞራሉ። ቤታቸው አጠገባቸው ነው፤ እነሱ ግን የሚያምኑት ያጠኑትን ቦታ ነው። ወጣት ንብ መጀመሪያ ስትወጣ ፊቷን ወደ ቀፎው መልሳ፣ ወዲያ ወዲህ እያለች አካባቢውን የምታጠናው ለዚህ ነው።

መንተሴ የተባለው ተክል ያበበበትን ገደል ያገኘች ንብ ደግሞ በጨለማው ቀፎ፣ የማር እንጀራው ላይ ሆዷን እያወዛወዘች ትሮጣለች። ቀጥ ብላ ወደ ላይ ከሮጠች «በፀሐይ አቅጣጫ ሂዱ» ማለቷ ነው፤ ሩጫው በረዘመ ቁጥር አበባው ይርቃል። ይህን ቋንቋ የፈታው ካርል ፎን ፍሪሽ እ.ኤ.አ. በ1973 ኖቤል ተሸልሟል። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ ማርቲን ጁርፋና ባልደረቦቹ ንብ «ተመሳሳይ» እና «የተለያየ» የሚለውን እንደምትለይ፣ በአንዱ የስሜት ሕዋስ የተማረችውንም በሌላው እንደምትሠራበት አሳዩ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

የንብ ትዝታ ግን ይሰበራል። ኒዮኒኮቲኖይድ የሚባሉት ፀረ ተባዮች ንቧን ባይገድሏት እንኳ ትዝታዋን ያውካሉ፤ መንገዷ የጠፋባት ንብ ቀፎዋ አትገባም። ማሳህን የምትረጭ ወንድሜ፣ አበባ ላይ አትርጭ፤ መርጨት ግድ ከሆነብህም ንቦቹ ከገቡ በኋላ፣ ማታ ይሁን።