የአይጥ ቁስልና የሰው ቁስል፦ ስለ መድኃኒት ዕፅዋት ተዋጽኦ አፈታተሽ

ክትክታ፣ መቅመቆና እሬት በአገራችን ለቁስል ከሚውሉ ዕፅዋት መካከል ናቸው። ይህን ዕውቀት ወደ ቤተ ሙከራ የሚያመጣ ተመራማሪ አብዛኛውን ጊዜ አንድ መንገድ ይከተላል። የደረቀውን ቅጠል ወይም ሥር ፈጭቶ በ80% ሜታኖል ይዘፈዝፋል፤ አጥርቶና ፈሳሹን አትንኖ የቀረውን ተዋጽኦ በ5% እና በ10% መጠን ከቅባት ጋር ይለውሳል። ከዚያም ጠጉሩ በተላጨ የአይጥ ጀርባ ላይ፣ በማደንዘዣ፣ ክብ ቁስል አበጅቶ ስፋቱን በየጊዜው ይለካል። ቁስሉ ከማነጻጸሪያው ቡድን ፈጥኖ ከጠበበ ተክሉ «ቁስል ያሽራል» ተብሎ ይጻፋል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አይጥ ከቆዳዋ ሥር ፓኒኩለስ ካርኖሰስ የተባለ ስስ የጡንቻ ንጣፍ ስላላት ቁስሏ በአመዛኙ የሚዘጋው ጠርዞቹ ተስበው በመገጣጠማቸው ነው። በሰው ላይ ይህ ንጣፍ ከሞላ ጎደል የለም፤ ክፍት ቁስል የሚሽረው በዋናነት አዲስ ሥጋ ሲሞላና የቆዳ ሕዋሳት ከዳር ወደ መሐል ተጉዘው ሲሸፍኑት ነው። ስለዚህ የመጥበብ መቶኛ ብቻውን ስለ ሰው ቁስል የሚነግረን ጥቂት ነው። ጋሊያኖና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ዘዴ በቁስሉ ዙሪያ የሲሊኮን ቀለበት በማጣበቂያና በስፌት ይታሰራል፤ ጠርዙ መሳብ ስለማይችል የአይጧም ቁስል እንደ ሰው ይሽራል። ቀለበቱ ከስስ የሲሊኮን ሉህ ሊቆረጥ ይችላል። አይጧ ነክሳ እንዳታወልቀው መጠበቅ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።

ማነጻጸሪያው መድኃኒትም ሊጤን ይገባዋል። በብዙ ጥናቶች የምናገኘው 0.2% ናይትሮፉራዞን ተህዋስያንን የሚያጠፋ እንጂ ሕብረ ሕዋስን የሚያድስ አይደለም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1979 በታተመ፣ በአሳማ ቆዳ ላይ በተደረገ ጥናት የቆዳ ሽፋን መመለስን አዘግይቶ ተገኝቷል። እንግዲህ «ከመደበኛው መድኃኒት ጋር እኩል ሠራ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ብዙዎቻችን የምናስበውን ያህል ምስጋና ላይሆን ይችላል። መለወሻውም እንዲሁ ነው። ቅጠሉ በማር ሲለወስ፣ ማሩ ራሱ ውኃ በመሳብና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በማመንጨት ተህዋስያንን ይገታል፤ ማር ብቻ የተቀባ ቡድን ካልተጨመረ ውጤቱ የማሩ ይሁን የቅጠሉ አይለይም።

ከስፋት ባሻገር፣ የተሰፋ ቀጥ ያለ ቁስል በ10ኛው ቀን የሚቋቋመው ጉተታና የኮላጅን አመልካች የሆነው ሃይድሮክሲፕሮሊን ይለካሉ። ከሁሉ የሚልቀው ግን የሕብረ ሕዋስ ናሙናው በማይክሮስኮፕ መመርመሩ ነው፤ መርማሪው ናሙናው ከየትኛው ቡድን እንደመጣ ሳያውቅ።

የቀረው ጥያቄ የአይጧ ጤንነት ነው። ጤነኛ ወጣት አይጥ ላይ የተበጀ ትንሽ ቁስል ያለ አንዳች ሕክምና በጥቂት ሳምንታት ይሽራል፤ ተዋጽኦው ቢረዳ የሚያሳጥረው ቀናትን ነው። ሕመምተኛን ለወራት ሐኪም ቤት የሚያመላልሰው ግን በስኳር ሕመም እግር ላይ የወጣ፣ ያመረቀዘ፣ ደም በቅጡ የማይደርሰው ቁስል ነው። የስኳር ሕመም ባለባቸው አይጦች መሞከር ወጪና ጊዜ እንደሚጨምር አይካድም። ቢሆንም በጤነኛ አይጥ ተስፋ የሰጠውን አንድ መጠን ብቻ መርጦ በእነዚህ ላይ መፈተሽ፣ ሁለት ተጨማሪ ተክሎችን በተለመደው መንገድ ከመፈተሽ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።