ሰንሰለቱ አይፈርድም

የአሜሪካ ኮሌጆች ፉትቦል ዳኛ ወደ ሜዳ የሚገባው ፊሽካ፣ ባንዲራ፣ ትንሽ የጨርቅ ከረጢትና ሙከራ የሚቆጥርበት ጣት ላይ የሚጠለቅ ላስቲክ ይዞ ነው። በሜዳው ጠርዝ ደግሞ ረዳቶች ሰንሰለትና የሙከራውን ቁጥር የሚያሳይ ዘንግ ይይዛሉ። እነዚህ ሁሉ የዳኛውን ውሳኔ ያሳውቃሉ፣ ይመዘግባሉ፤ አንዳቸውም ግን አይወስኑም። ተመልካቹ ይህን ይዘነጋል፤ ስሕተት በተፈጠረ ቁጥርም አዲስ መሣሪያ ይጠይቃል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚታመነው ሰንሰለቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 በጨዋታው ሕግ አርቃቂ በዋልተር ካምፕ ግፊት የጸደቀው ሕግ በሦስት ሙከራ 5 ያርድ ያልተራመደ ቡድን ኳሱን እንዲያስረክብ አዘዘ፤ ርቀቱ እንዲታይም ሜዳው በመስመሮች ተከፋፈለ። በ1906 ርቀቱ ወደ 10 ያርድ አደገ፣ በ1912 ደግሞ ሙከራው አራት ሆነ። ዛሬ 10 ያርድ ወይም 9.14 ሜትር የሚረዝመው ሰንሰለት ተወጥሮ ኳሱ በአንዲት ጣት ስፋት ሲጎድል፣ ስታዲየሙ በሙሉ የማይሻር ፍርድ አድርጎ ይቀበለዋል። ኳሱን እዚያ ቦታ ላይ ያስቀመጠው ግን በተቆላለፉ ተጫዋቾች መካከል አሻግሮ ያየ ዳኛ ነው፤ የሰንሰለቱ መነሻም ከሜዳው ጠርዝ በዓይን ተለክቶ የተተከለ ነው። ሰንሰለቱ በሁለት ግምቶች መካከል ያለውን ርቀት በትክክል ይለካል፤ ግምቶቹን አያርምም።

ባንዲራው የመጣው በኋላ ነው። ቀድሞ ዳኞች ጥፋት ሲያዩ ጡሩምባ ወይም ፊሽካ ይነፉ ነበር። በዚህ ጩኸት የተሰላቸው የያንግስታውን ኮሌጅ አሠልጣኝ ድዋይት ቢዲ የጨርቅ ምልክት አሰበ፤ ባለቤቱ ቀይ ጨርቅ ላይ ነጭ ሸንተረር ሰፋችለት፣ ክብደት እንዲኖረውም የዓሣ ማጥመጃ እርሳስ ታከለበት። ባንዲራው ኦክቶበር 17 ቀን 1941 ከኦክላሆማ ሲቲ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገው ግጥሚያ ተሞከረ። ብልሃቱ ዝምታው ነው፤ ጨዋታው ሳይቋረጥ ጥፋቱ ይመዘገባል፣ የተበደለው ቡድንም የሆነውን አይቶ ቅጣቱን ይቀበላል ወይም ይተዋል። ፊሽካውም ተሻሽሏል። ውስጡ ያለችው ትንሽ ኳስ እየተሰነቀረች ድምፅ ስትነሳው ካናዳዊው የቅርጫት ኳስ ዳኛ ሮን ፎክስክሮፍት ኳስ የሌለውን ፊሽካ ሠራ። መሣሪያ የመሣሪያን ጉድለት ይጠግናል፤ የዳኛውን ትኩረት ግን አይተካም።

ለዚህ ኦክቶበር 6 ቀን 1990 ከተደረገው የኮሎራዶና የሚዙሪ ግጥሚያ የበለጠ ምስክር የለም። ኮሎራዶ 31 ለ 27 እየተመራ፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ከግቡ መስመር 3 ያርድ ላይ ደረሰ። በመጀመሪያው ሙከራ ሰዓት ለማስቆም ኳሱን መሬት መታ። ከሁለተኛው በኋላ እረፍት ሲወሰድ የዘንጉ ቁጥር ከ2 ወደ 3 ሳይቀየር ቀረ። በአራተኛው ሙከራ ኳሱ እንደገና መሬት ሲመታ ዘንጉ ገና ሦስተኛው ነው ይል ነበር። በሕግ የሌለው አምስተኛ ሙከራ ተፈቀደ፤ ኮሎራዶ 33 ለ 31 አሸነፈ፣ በዓመቱ መጨረሻም የብሔራዊ ሻምፒዮንነቱን ክብር ተጋራ። ዘንጉ አልተሰበረም። የተሰበረው ቆጠራው ነው፤ መቁጠር ደግሞ የእያንዳንዱ ዳኛ ግዴታ ነበር። ያም ሆኖ ከዚያ ቀን ወዲህ የሚነገረው ስለ ዘንጉ ነው።

በ1940 ኮርኔል ዳርትመዝን 7 ለ 3 ያሸነፈው እንዲሁ በአምስተኛ ሙከራ ነበር። ስሕተቱ በፊልም ተረጋገጠ፤ ዳኛው ሬድ ፍሪዝል አመነ፣ ኮርኔልም ድሉን ለዳርትመዝ ለቀቀ። ፊልሙ እውነቱን አሳየ እንጂ ውጤቱን አልቀየረም፤ የቀየሩት ያመኑት ሰዎች ናቸው።

የቪዲዮ ዳኝነት ሲመጣ፣ አዲስ መሣሪያ ስሕተትን ያስቀራል የሚለው ተስፋ ተደገመ። የኮሌጆች ሊግ የሆነው ቢግ ቴን በ2004 ሞከረው፣ በ2006 በከፍተኛው የኮሌጅ ደረጃ ተስፋፋ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ኦሪገን ኦክላሆማን 34 ለ 33 ባሸነፈበት ግጥሚያ፣ ከኦሪገን የመክፈቻ ምት በኋላ ኳሱ የግድ መጓዝ ያለበትን 10 ያርድ ሳይጨርስ የኦሪገን ተጫዋች ነካው። ምስሉ ታየ፤ የተሳሳተው ውሳኔ ግን ጸና። የሜዳው ዳኞችም የቪዲዮው ዳኛም ታገዱ። ካሜራው አይቷል፤ ያላየው ሰው ነው።

አምስተኛውን ሙከራ የሚከላከለው መንገድ ርካሽና አሮጌ ነው። ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት ዳኞች የሙከራውን ቁጥር በጣት፣ አራተኛውን በጭብጥ፣ እርስ በርስ ያሳያሉ፤ ከዘንጉ ጋርም ያስተያያሉ። ሁለት እጆች ካልተስማሙ ኳሱ ከመነሳቱ በፊት ማስቆም ይገባል። ማንኛውም አዲስ መሣሪያ የሚጠቅመው ይህ ልማድ በጸናበት የዳኞች ቡድን እጅ ሲገባ ብቻ ነው።