ናይትሮዋ አቦምሳ ብትገባ ምን ትጠጣለች?

እንዲህ አስቡት። አክስት ከውጭ ትመጣለች። ሻንጣው ሲከፈት ከሽቶውና ከጫማው ሥር አንድ ትልቅ ካርቶን ብቅ ይላል። ውስጡ እውነተኛ ካርቡራተር፣ እውነተኛ ማርሚታ ያላት የሪሞት መኪና አለች። ካርቶኑ ላይ «ናይትሮ» ይላል። ሰፈሩ ይሰበሰባል፣ ስልኮች ይወጣሉ፣ ለቲክቶክ የሚሆን ቦታ ይመረጣል። ከዚያ አንዱ ልጅ ዋናውን ጥያቄ ይጠይቃል፦ «ምንድነው የሚሞላባት?»

ካርቶኑ ውስጥ ነዳጅ የለም። ሊኖርም አይችልም። የናይትሮ ነዳጅ ተቀጣጣይ ፈሳሽ ስለሆነ በመንገደኛ ሻንጣ፣ በእጅ በሚያዘውም ሆነ በሚጫነው፣ አውሮፕላን ላይ አይወጣም። አክስት «አንድ ጠርሙስ ብቻ ናት» ብላ ብትለምንም መልሱ ያው ነው። ስለዚህ መኪናዋ አገር ገባች፣ ምግቧ ባሕር ማዶ ቀረ።

ነገሩ የሆነው አቦምሳ ነው እንበል። የአርሲዋ የመርቲ ወረዳ ዋና ከተማ፤ መርቲን ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ከማርማላታው ጣሳ ነው። ባጃጅ አለ፣ ሞተር ሳይክል አለ፣ ስለዚህ መካኒክ አይጠፋም። ልጁም መኪናዋን ታቅፎ ወደ መካኒኩ ይሄዳል።

«ጋሼ፣ ቤንዚን ብጨምርባትስ?»

መካኒኩ ሞተሯን አገላብጦ ያያታል። «የካንዴላው ገመድ የታለ? እሳት ከየት ነው የምታገኘው?»

ጥያቄው በጣም ትክክል ነው፤ የናይትሮ ሞተር ምስጢር ያለው እዚያው ላይ ነውና። ካንዴላ የምትመስለዋ ነገር ካንዴላ አይደለችም፤ ግሎ ፕላግ ትባላለች። ውስጧ ከፕላቲነም ጋር የተሠራ ቀጭን ጥምዝ ሽቦ አለ። ሲነሳ በ1.5 ቮልት ገደማ ባትሪ ታግላላችሁ፣ ሞተሩ ሲነሳ ባትሪውን ትነቅላላችሁ። ከዚያ በኋላ ሽቦው የሚግለው በራሱ ነው፤ ሜታኖል ፕላቲነምን ሲነካ በሚፈጠረው የኬሚካል ግብረ መልስና ከእያንዳንዱ ፍንዳታ በሚተርፈው ሙቀት። ሬይ አርደን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1947 ገበያ ላይ ያወጣት ይህቺ ብልሃት ናት ኮይልና ገመድን ከትንንሽ ሞተሮች ያስወገደችው።

ቤንዚን ከፕላቲነሙ ጋር እንደ ሜታኖል አይግባባም። ስለዚህ ቤንዚን የሞላባት ሰው ወይ ጨርሶ አያስነሳትም፣ ወይ ባትሪውን ሲነቅል ትጠፋበታለች። ቢቀናውና ትንሽ ብትሄድለት እንኳ ቤንዚኑ ውስጥ ዘይት የለም። የእነዚህ ሞተሮች ቅባት ያለው ነዳጁ ውስጥ ብቻ ነው፤ የዘይት ገንዳ የሚባል ነገር የላቸውም። በደቂቃ 30 ሺህ ዙር የሚሽከረከር ሞተር ያለ ቅባት ምን እንደሚሆን መካኒኩን ጠይቁት።

ታዲያ እውነተኛው ነዳጅ ምንድነው? ሦስት ነገር ነው፦ ሜታኖል፣ ናይትሮሜቴን እና ዘይት። አብዛኛው ሜታኖል ነው። ስሙን የሰጠው ናይትሮሜቴን ግን ጉደኛው ነው፤ ኦክስጅኑን በሆዱ ይዞ ይመጣል። አንድ ኪሎ ቤንዚን በወጉ ለመንደድ 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል። ሜታኖል 6.4 ገደማ ይበቃዋል። ናይትሮሜቴን 1.7 ብቻ። በኪሎ ካየነው ናይትሮሜቴን ከቤንዚን ያነሰ ጉልበት ነው ያለው፤ ግን ሲሊንደሩ የሚስበው አየር የተወሰነ ስለሆነ በዚያችው አየር ብዙ ነዳጅ ማቃጠል ይቻላል። ሒሳቡ ሲሠራ በእኩል አየር ከቤንዚን እጥፍ በላይ ጉልበት ይወጣዋል። 3 ሲሲ የማትሞላ ሞተር እንደዚያ የምትጮኸው ለዚህ ነው።

ጠርሙሱ ላይ የምታዩት ቁጥር፣ 10፣ 20፣ 30 በመቶ፣ የናይትሮሜቴኑ መጠን ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ ይሳሳታል፤ «ትልቁ ይሻላል» ይላል። አይደለም። ናይትሮ ሲጨምር ፍንዳታው ይቀድማል፤ ያንን ለማስተካከል ከቴስታታው ሥር ስስ የብረት ቀለበት ጨምሮ እመቃውን መቀነስ ያስፈልጋል። ዋጋውም ይወጣል። ለመኪና ጀማሪ 20 በመቶ አካባቢ የተለመደ ነው፤ ከሁሉ በላይ ግን የሞተሩ ማንዋል የሚለው ይበልጣል። የአውሮፕላን ሞዴል ነዳጅ ብዙውን ጊዜ ናይትሮው ያነሰ፣ ዘይቱ የበዛ ነው። የቀለሙ ነገር ደግሞ አያታልላችሁ፤ ሮዝ፣ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ መሆኑ ማቅለሚያ ብቻ ነው።

እኔ ከቁጥሩ ይልቅ ዘይቱ ነው የሚያስጨንቀኝ። እዚህ ላይ አንድ የምታውቁት ነገር አለ፦ ጉሎ። አዎ፣ በየመንገዱ ዳር ሳይዘሩት የሚበቅለው፣ ፍሬው ምጣድ የሚታሰስበት ጉሎ። የጉሎ ዘይት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላኖች ጀምሮ የእሽቅድምድም ሞተር ቅባት ነው፤ ካስትሮል የሚለው ስም ራሱ ከጉሎ የእንግሊዝኛ ስም የተወሰደ ነው። ሌላው ዘይት ሞተሩ ሲግል ቅባትነቱን ሲያጣ ጉሎ ብረቱን አይለቅም፤ ለዚያ ነው ጥሩ ነዳጆች የተወሰነ ጉሎና ሰው ሠራሽ ዘይት ደባልቀው የሚመጡት። ጉድለቱ ቫርኒሽ የመሰለ ንጣፍ መተዉ ነው። ይህ ማለት ግን ከምጣድ ማሰሻው ጨምቃችሁ ጨምሩ ማለት አይደለም፤ ለሞተር የሚሆነው የተጣራው ነው። ከባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ የሚገዛው ተራ የቱ ስትሮክ ዘይትም አይሆንም። ለቤንዚን ስለተሠራ ከሜታኖል ጋር በወጉ አይዋሃድም፤ ሰርባቶዮው ውስጥ ተለያይቶ ይቀመጣል፣ ሞተሩ ደረቅ ነዳጅ ይጠጣል፣ ይነክሳል።

«እሺ፣ አልኮልስ?» ይላል ልጁ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ደግሞ ከአቦምሳ ብዙም ሳይርቅ መተሐራ ስኳር ፋብሪካ ከሞላሰስ ኢታኖል ያመርታል። ኢታኖል ለእኛ ሞተሮች እንግዳም አይደለም፤ በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ 5 በመቶ ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ተጀምሮ በ2003 ዓ.ም. ወደ 10 በመቶ አድጎ ነበር። ግን ኢታኖልም ቢሆን ግሎ ፕላጓን እንደ ሜታኖል አያግላትም። የፋርማሲው 70 በመቶ አልኮል ደግሞ ቀሪው 30 በመቶ ውሃ ነው። እጅ ያጸዳል እንጂ ሞተር አይነዳም።

አሁን ወደ ክፉው ነገር። ልጁ «ሜታኖል ከተገኘ እኛው እንደባልቀው» ሊል ይችላል። ናይትሮ የሌለው፣ 80 በመቶ ሜታኖልና 20 በመቶ ዘይት ብቻ የሆነ ነዳጅ በዓለም አቀፍ የሞዴል አውሮፕላን ውድድሮች የሚሠራበት መሆኑም እውነት ነው። ለጀማሪ ግን አልመክርም፤ ምክንያቴም ሞተሩ አይደለም። ምክንያቴ ሃይላንድ ነው።

እኛ አገር ፈሳሽ ሁሉ የሚቀመጠው በሃይላንድ ነው። ላምባው፣ በረኪናው፣ ከጥቁር ገበያ የተገዛው ቤንዚን። የናይትሮ ነዳጅ በዚያ ላይ ቀለሙ ያማረ ነው፤ ሮዙ ሽሮፕ፣ አረንጓዴው ለስላሳ ይመስላል። ሜታኖል ሰውነት ውስጥ ሲገባ ወደ ፎርሚክ አሲድ ይለወጣል፤ ይህ አሲድ የዓይን ነርቭን ያጠቃል። 10 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ሜታኖል፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው፣ ለዘለቄታው ሊያሳውር ይችላል። ለትንሽ ልጅ ደግሞ ከዚያም ያነሰው አደገኛ ነው። አስቸጋሪው ነገር ቶሎ አለመታየቱ ነው፤ መጀመሪያ ስካር ይመስላል፣ ከዚያ የዳነ ይመስላል፣ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ደግሞ ሆድ ይቆርጣል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ዓይን ጭጋግ ውስጥ እንዳለ ይሆናል። ስለዚህ «ደህና ነው፣ ተኝቷል» ተብሎ አይጠበቅም። የጠጣ ሰው ሳይታመም በፊት ጠርሙሱን ይዞ ሆስፒታል መሄድ ነው፤ ማርከሻ አለው፣ የሚሠራው ግን ቶሎ ሲደረስ ነው። ማስታወክ፣ ወተት ማጠጣት አያስፈልግም።

ሜታኖል በቆዳም ይገባል፤ ሲነድም ነበልባሉ በቀን ብርሃን ዓይን አያየውም። ጓንት፣ ክፍት ቦታ፣ ክዳኑ የተቆለፈ የራሱ ዕቃ፣ ከፀሐይ የራቀ ቁም ሳጥን። ክዳኑ ክፍት ከቆየ ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል፤ ፀሐይ ካገኘው ናይትሮሜቴኑ ይበላሻል።

ነዳጁ በሕጋዊ መንገድ የተገኘለት ሰው ካለ፣ የእኛ አገር አንድ ጠባይ አለው፦ ከፍታ። የፋብሪካው ማስተካከያ ባሕር ወለል አካባቢ ታስቦ ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊቱ ከዚያ በሩብ ያህል ያንሳል፤ መተሐራ ላይ በአሥር በመቶ ገደማ። መተሐራ ላይ ያስተካከላችኋትን መኪና አሰላ ብትወስዷት አየሩ ስላነሰ ነዳጅ ይበዛባታል፤ ታጨሳለች፣ ትንገዳገዳለች። መርፌዋን በካቻቢቴ ወደ ቀኝ ትንሽ፣ በአንድ ጊዜ ከዙር አንድ ስምንተኛ ሳታልፉ፣ ማጥበቅ ነው። ከፍታ ላይ ናይትሮው ከፍ ያለ ነዳጅ የሚመረጠውም ኦክስጅኑን ይዞ ስለሚመጣ ነው። አደገኛው ግን ቁልቁለቱ ነው። አሰላ ላይ ያጠበቃችኋትን ይዛችሁ ቆላ ብትወርዱ ነዳጅ ያንሳታል፤ ለጊዜው እንደ እብድ ትበራለች፣ ከዚያ ትነክሳለች። ከመውረድ በፊት ወደ ግራ ማላላት። ቴስታታዋ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ አድርጉ፤ ወዲያው «ጭስስ» ብሎ ከጠፋ ከመጠን በላይ ግላለች፣ ሦስት አራት ሰከንድ ፈልቶ ከደረቀ ደህና ናት። የኮቪድ ጊዜው የግንባር ቴርሞሜትር አይረዳችሁም፤ እሱ የተሠራው ለሰው ነው፣ ይቺ 100 ዲግሪ አልፋ ነው የምትሠራው።

መካኒኩ ግን ሌላ ነገር ያሰላል። «ሰርባቶዮዋ ስንት ትይዛለች?» 75 ሲሲ። ሩብ ሰዓት እንኳ አታቆይም። አንድ ጋሎን፣ 3.8 ሊትር ገደማ፣ 50 ጊዜ ይሞላታል፤ ከዚያ ሌላ ጋሎን። አገር ውስጥ የሌለ ጋሎን። «ከ23 ሲሲ ጀምሮ ያሉት ትልልቆቹኮ ካንዴላ አላቸው፤ አንድ ሊትር ቤንዚን ላይ 40 ሚሊ ሊትር የቱ ስትሮክ ዘይት፣ አለቀ። ያቺ ብትሆን እኔው እይዝልህ ነበር» ይላል። ባትሪ የምትበላውም አለች፤ አብዛኛው የመኪና ሊፖ ባትሪ ከ100 ዋት ሰዓት በታች ስለሆነ አክስት በእጅ ቦርሳዋ ይዛው መሳፈር ትችላለች። መብራት ሲጠፋ ትጠብቃላችሁ፤ ሲመጣ ግን ነዳጁ ከግድግዳው ይወጣል።

ልጁ ስልኩን ያወጣል። አክስት ገና አዲስ አበባ ናቸው፤ መመለሻቸው ሳምንት ነው። «አክስቴ» ብሎ ይጽፋል፣ «መኪናዋ በጣም ታምራለች፣ እግዜር ይስጥልኝ። ደረሰኙን ግን አልጣልሽውም አይደል?»