ኮምፒውተሩ ዝም ሲል፦ የስክሪን ሪደር መዘግየትና አመራመሩ

ስክሪን ሪደር በኮምፒውተር ስክሪን ላይ የሚታየውን ጽሑፍና ትእዛዝ ወደ ድምፅ ወይም ወደ ብሬይል እየለወጠ፣ ዐይነ ስውራን በኪቦርድ ብቻ እንዲሠሩ የሚያስችል ፕሮግራም ነው። ከታወቁት አንዱ የሆነው ጃውስ በመኪና አደጋ ዓይኑን ያጣው አሜሪካዊ ቴድ ሄንተር በመሠረተው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣ ሲሆን፣ ኤንቪዲኤ ደግሞ በአውስትራሊያዊው ዐይነ ስውር ማይክል ከራን እ.ኤ.አ. በ2006 ተጀምሮ ያለ ክፍያ የሚሰራጭ በመሆኑ ጃውስን መግዛት ለማይችል ተማሪ ትልቅ በር ከፍቷል።

የኮምፒውተር መዘግየት ማንንም ያሰለቻል፤ ለዐይነ ስውር ተጠቃሚ ግን ከመሰልቸት ያለፈ ችግር ነው። የሚያይ ሰው የምትሽከረከረውን ምልክት ተመልክቶ ማሽኑ በሥራ ላይ መሆኑን ያውቃል፤ የሚያዳምጥ ሰው የሚያገኘው ግን ዝምታ ብቻ ነው፤ ዝምታውም ማሽኑ እየሠራ ይሁን ወይም ደርቆ የቀረ ይሁን አይናገርም። ስለዚህ የጥገናው የመጀመሪያ ተግባር ዝምታው ከየት እንደመጣ መለየት ነው።

አንድ ቁልፍ ሲነካ መልእክቱ በሦስት እጆች ያልፋል፦ የሚሠራበት ፕሮግራም ምን እንደተለወጠ ለዊንዶውስ ያሳውቃል፤ ስክሪን ሪደሩ ያንን ተቀብሎ ምን መነገር እንዳለበት ይወስናል፤ በመጨረሻም ድምፅ ፈጣሪው፣ ማለትም ፊደልን ወደ ንግግር የሚለውጠው ክፍል፣ ቃሉን ለድምፅ ማጉያው ያቀብላል። ከሦስቱ አንዱ ሲያዘግም ሦስቱም ያዘገሙ ይመስላል።

የዘገየውን ለመለየት የሚበጀው ኖትፓድ የተባለውን ቀላል የዊንዶውስ መጻፊያ ከፍቶ ጥቂት ፊደላትን መጻፍና በቀስት ቁልፍ አንድ በአንድ እየተመለሱ ማዳመጥ ነው። እዚያ እያንዳንዱ ፊደል ጣት እንደተነሣ ከተሰማና መጓተቱ በብሮውዘር ብቻ ከታየ፣ ጥፋቱ ከገጹ ወይም ከብሮውዘሩ ነው፤ ስክሪን ሪደሩ የድረ ገጹን ይዘት አስቀድሞ ወደ ራሱ ቅጂ ስለሚሰበስብ፣ ረጅም ገጽና ብዙ የተከፈተ ታብ ሸክም ይሆኑበታልና። ኖትፓድም ከዘገየ ድምፁን መለወጥ ይገባል፦ እንደ ኢስፒክ ያለ ቀላል ድምፅ ፈጣን ከሆነ ከባዱ ድምፅ ተጠያቂ ነው፤ የብሉቱዝ ማዳመጫ ግንኙነት ሲቋረጥ መዘግየቱ ከጠፋ ደግሞ ምክንያቱ ማዳመጫው ነው።

ዝምታ ሁሉ ግን መዘግየት አይደለም። ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ ባሉ ከተሞች አንድ ተማሪ አማርኛን በግዕዝ ፊደል፣ ሀዲይኛን ወይም ከምባትኛን በላቲን ፊደል፣ እንግሊዝኛንም ጨምሮ በአንድ ቀን ሊያነብ ይችላል። የተመረጠው ድምፅ የግዕዝን ፊደል የማያውቅ ከሆነ ዓረፍተ ነገሩን ዘሎ ዝም ሊል ይችላል፤ የሀዲይኛውን ተደራራቢ ፊደልም እንደ እንግሊዝኛ እያነበበ ያበላሸዋል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ወደተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ከመግባቱ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድም ለዓይን አማርኛ ቢመስልም ለስክሪን ሪደሩ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ነው። ለዚህ መድኃኒቱ አዲስ ማሽን ሳይሆን አማርኛ የሚያነብ ድምፅ መምረጥና ሰነዱን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ነው፤ ኢስፒክም የአማርኛ ድምፅ አለው።

ዘገምተኛነቱ በሁሉም ቦታ ሲሆን ወደ ማሽኑ መሄድ ያስፈልጋል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አብረው ሲነኩ የሚከፈተው ታስክ ማናጀር ራሙን፣ ማለትም የሥራ ማህደረ ትውስታውን፣ ማን እንደያዘው ያሳያል፤ ሲበራ አብረው የሚነሡ ፕሮግራሞችን መቀነስ፣ ከሁለት አንቲቫይረስ አንዱን ማስወገድ፣ ከፍላሽ የገባ ቫይረስ እንዳለም መፈተሽ ተገቢ ነው። አሮጌውን ሀርድ ዲስክ ፈጣን ማከማቻ በሆነው በኤስኤስዲ መቀየር ራም ከመጨመር ጋር ሲሆን ለብዙ ያረጁ ማሽኖች አዲስ ዕድሜ ይሰጣል። የዊንዶውስ የራሱ ስክሪን ሪደር የሆነው ናሬተር ከኤንቪዲኤ ጋር አብሮ ተከፍቶ ከሆነም ሁለቱ ስለሚሻሙ አንዱ ይዘጋ። ኢንሰርትንና ኪውን አብሮ በመንካት በሚመጣው መስኮት ኤንቪዲኤን ያለ ተጨማሪ ቅጥያዎቹ ማስነሣት ይቻላል፤ ያኔ ከፈጠነ ከቅጥያዎቹ አንዱ ጥፋተኛ ነው።

በዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ለውጦ መፈተን፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው መሻገር ያስፈልጋል፤ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው የትኛው እንደፈወሰ አያውቅም። ጠጋኙ ድምፁ ረበሸኝ ብሎ ስክሪን ሪደሩን ዘግቶ ከሠራ ግን ማሽኑ ፈጣን ሆኖ ያገኘዋል፤ ተጠቃሚው ሲቀበለው ያው የቀድሞው ዝምታ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ጥገናው መጠናቀቁ የሚረጋገጠው ስክሪን ሪደሩ በርቶ፣ ባለቤቱ ራሱ ቁልፍ ነክቶ ምላሹን በጆሮው ሲሰማ ነው።