ፕሌትሌትና ኤችአይቪ፦ ተረትና እውነታ

ስለ ኤችአይቪ ሲወራ ስማቸው የሚነሳው ሲዲ ፎር (የመከላከያ ሕዋሳት ቁጥር) እና ቫይራል ሎድ (በደም ያለው የቫይረስ መጠን) ናቸው። ፕሌትሌት እምብዛም አይነሳም፤ ሲነሳም ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ ነው። የአዲስ አበባዋ አቃቂ ቃሊቲ ግን ለኤችአይቪ የደም ጥናት እንግዳ አይደለችም። በ1994 የተቋቋመው የኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ከ1997 ጀምሮ የአቃቂ ቃጫ ፋብሪካንና የወንጂ ስኳር ፋብሪካን ሠራተኞች ለዓመታት እየተከታተለ ደማቸውን መርምሯል። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ተረት 1፦ ፕሌትሌት ደም ከማርጋት ሌላ ሥራ የለውም።

እውነታ፦ ፕሌትሌት በመቅኔ ውስጥ ካሉ ትልልቅ ሕዋሳት ተቆርሶ የሚወጣ፣ ኒውክለስ የሌለው ቁራጭ ነው፤ ዕድሜውም ከ7 እስከ 10 ቀን ነው። ቁስል ይደፍናል፤ ነገር ግን የበሽታ መከላከያ ሕዋሳትንም ይቀሰቅሳል። ሲነቃ ፒ-ሴሌክቲን የተባለ ፕሮቲን ወደ ላዩ ያወጣና ሞኖሳይት ከሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ጋር ይጣበቃል። የተጣበቀበት ሞኖሳይት ደግሞ ብግነት የሚያባብሱና ደም የሚያረጉ ንጥረ ነገሮችን ያመነጫል። ቫይረሱ በደማቸው ባለ ሰዎች ላይ እንዲህ የተጣበቁ ሕዋሳት ከሌላው ሰው ይበዛሉ። አንዱ ምክንያት አንጀት ነው፤ ቫይረሱ የአንጀትን መከላከያ ስለሚያሳሳው የባክቴሪያ ቁርጥራጮች ወደ ደም ሾልከው ፕሌትሌቱንም ሞኖሳይቱንም ያለ ዕረፍት ይቀሰቅሳሉ።

ተረት 2፦ የሲቢሲ ውጤቴ ደህና ከሆነ ፕሌትሌቴ ደህና ነው።

እውነታ፦ ሲቢሲ የተባለው የደም ምርመራ የሚቆጥረው ብዛትን ነው፤ መንቃትና አለመንቃትን አይናገርም። በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ150 ሺህ እስከ 450 ሺህ የተለመደ መጠን ነው። በ1999 ይፋ በሆነው የኢትዮ-ኔዘርላንድስ ፕሮጀክት ጥናት፣ ቫይረሱ የሌለባቸው 485 ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች አማካይ የፕሌትሌት ብዛት 205 ሺህ ነበር። ከእነሱ በዕጣ የተመረጡት 142 ሰዎች አማካይ ሲዲ ፎር 775 ሲሆን፣ ከሆላንዳውያን ያነሰ ነው። ፕሮጀክቱ ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ከሆላንዳውያን ይልቅ የነቁ የመከላከያ ሕዋሳት እንደሚበዙባቸውም አሳይቷል። ስለዚህ የእኛን ሰው ውጤት በሌላ አገር ሰው ልክ ብቻ መዳኘት ያሳስታል።

ተረት 3፦ ፕሌትሌት የሚያወርደው የኤችአይቪ መድኃኒት ነው።

እውነታ፦ በበሽታው ምክንያት ፕሌትሌት መውረዱ በአሜሪካ የተዘገበው በ1982 ነው፤ የመጀመሪያው መድኃኒት ዚዶቩዲን የተፈቀደው ደግሞ በ1987። ሰውነት ያመረታቸው ፀረ እንግዳ አካላት ፕሌትሌት ላይ ይለጠፋሉ፣ ጣፊያም ያጠፋዋል፤ ቫይረሱም መቅኔ ውስጥ ያሉትን እናት ሕዋሳት ይጎዳል። ሕክምና ሲጀመር ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ይላል። ድድ ከደማ፣ ነስር ከበዛ ወይም ቆዳ ያለ ምክንያት ከበለዘ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው እንጂ መድኃኒት መጣል አይደለም።

ተረት 4፦ ቫይራል ሎድ ካልታየ ነገሩ ሁሉ አብቅቷል።

እውነታ፦ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም፤ ይህ የተረጋገጠ ነው። ብግነቱ ግን ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አይጠፋም። የፓሪስ ተመራማሪዎች በ2020 ባወጡት ጥናት፣ ቫይረሳቸው በመድኃኒት ተገትቶ ሲዲ ፎራቸው ግን ከ350 በታች በቀረ ሰዎች ፕሌትሌት ውስጥ፣ ማክሮፋጅ የተባለውን ሕዋስ ሊይዝ የሚችል ቫይረስ አግኝተዋል። ቫይረሱ ያለባቸው ሰዎች በልብና በደም ሥር በሽታ የመያዝ ዕድላቸውም ከሌላው ሁለት እጥፍ ገደማ ነው።

ተረት 5፦ ሰውነት ካገገመ መድኃኒቱን ማቆም ይቻላል።

እውነታ፦ በ33 አገሮች 5,472 ሰዎችን ያሳተፈው ስማርት ጥናት በ2006 መልሱን ሰጥቷል። ሲዲ ፎራቸው ከፍ ሲል መድኃኒት እንዲያቋርጡ የተደረጉት፣ ሳያቋርጡ ከወሰዱት ይልቅ ብዙ ሞተዋል፤ የልብ ሕመምም በዝቶባቸዋል። የደም መርጋትን የሚያሳየው ዲ-ዳይመርም ባቋረጡት ላይ ጨምሯል። ጠበል የሚጠመቅም ማቋረጥ የለበትም፤ በ2007 የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል።

ተረት 6፦ ፕሌትሌትን ለማርገብ በየቀኑ አስፒሪን መዋጥ ይበቃል።

እውነታ፦ መድኃኒታቸውን በሚወስዱ ሰዎች ላይ ለ12 ሳምንት የተደረገ የአሜሪካ ሙከራ፣ አስፒሪን የመከላከያ ሕዋሳትን መቆጣት እንዳላበረደ አሳይቷል። ፕሌትሌቱ ለወረደበት ሰው ደግሞ የመድማት አደጋ ያመጣል። በ2023 ይፋ የሆነው ሪፕሪቭ ሙከራ ተስፋ የሰጠው በሌላ በኩል ነው፤ ፒታቫስታቲን የተባለው የኮሌስትሮል መድኃኒት ድንገተኛ የልብ ሕመምንና ስትሮክን የመሳሰሉ ከባድ ሕመሞችን በ35 በመቶ ቀንሷል። ይህም ቢሆን በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ ነው።

መድኃኒትዎን አንድ ቀን እንኳ አያቋርጡ፤ ሲጋራ ከሚያጨሱ ይተዉ፤ በቀጠሮዎ ቀን ከቫይራል ሎድ ጋር የደም ግፊትዎን፣ ስኳርዎንና ኮሌስትሮልዎን እንዲለኩልዎት ይጠይቁ።